የምስል ጥራትና የቤታችን ቴሌቪዥን፦ ኤችዲ ለማን፣ ከምን ያህል ርቀት?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ባልደረባዬ በኮሪደር አግኝቶኝ «ቴሌቪዥን ለመግዛት ደግሞ ገለጻ ያስፈልጋል?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ያን ዕለት ስቄ አለፍኩት። ዛሬ ግን በቁም ነገር ልመልስለት እወዳለሁ፤ እሱም ከኋላ ረድፍ ተቀምጧል።

መልሴ የሚጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። እናቴ ማንበብ የተማረችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በጎልማሳነት ፊደል የቆጠረ ሰው ለንባብ ያለው ፍቅር የተለየ ነው፤ የሱቅ ስም፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ በዜና ግርጌ የሚሮጠውን ጽሑፍ ሳይቀር ድምፅ እያወጣች ታነብ ነበር። ሞራው ዓይኗን ሲሸፍነው ግን ለዓመታት ዜናን የምትሰማ እንጂ የምታይ አልነበረችም። እናም ፋሻው በተነሣላት በሁለተኛው ሳምንት የቆጠብኩትን ገንዘብ ይዤ መርካቶ ወረድኩ። «ፉል ኤችዲ» የሚል ወርቃማ ተለጣፊ ያለበት ባለ 43 ኢንች ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገዛሁ። ከሦስት ወር ደመወዜ በላይ ወጣበት።

ጀርባው የገዘፈው የቀድሞው ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ከቡፌው ላይ ወረደ፤ አዲሱ ተተካ፤ ሪሲቨሩ በነበረው ገመድ ተገናኘ። እናቴ ጥቂት ተመለከተችና «ልጄ፣ ሰው ሁሉ ወፍሯል እኮ። ፊታቸውም ፈሰስ ፈሰስ ብሏል። ጽሑፉም አይለይም። የድሮው አይሻልም ነበር?» አለችኝ። እኔም «እማዬ፣ ዓይንሽ እስኪለምደው ነው» አልኳት። በዚህ ፋኩልቲ የሲግናል ፕሮሰሲንግ መምህር ነኝ። ዓይኗ እስኪለምደው ድረስ አንድ ዓመት ከአራት ወር ጠበቅን። በመጨረሻ እንደ ተረዳሁት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትክክል የነበረችው እሷ ናት።

ሱቅ ስንገባ «ጥራት ያለው ቴሌቪዥን» እንላለን፤ ጥራቱ ዕቃው ውስጥ ታሽጎ የሚመጣ ይመስለናል። እናቴ ግን ያየችው ካሜራው የቀረጸውን፣ ጣቢያው ያመቀውን፣ ሳተላይቱ ያመጣውን፣ ገመዱ ያሳለፈውን፣ መስኮቱ ያሳየውንና ዓይኗ የለየውን ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ደካማ ከሆነ የቀሩት ሁሉ ወደ እሱ ደረጃ ይወርዳሉ። እኔ ገንዘቤን በሙሉ አንዱ ቀለበት ላይ አፈሰስኩና ሌሎቹን ሳልመረምር ቀረሁ። ዛሬ ከእናንተ ጋር ሰንሰለቱን ከመጨረሻው ጫፍ፣ ማለትም ከተቀመጥንበት ሶፋ ተነሥተን ወደ ኋላ እንከተለዋለን። የግዢም ቅደም ተከተል እንደዚሁ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በዓይን ሕክምና ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ ታስታውሳላችሁ። ሆላንዳዊው ሐኪም ኸርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣው በዚህ ሰሌዳ መሠረት፣ ጤናማ የሚባለው ዓይን የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል በሆነ ማዕዘን የተራራቁ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያያል። ይህች ማዕዘን በሒሳብ ቋንቋ አንድ ደቂቃ ትባላለች። በተግባር ምን ማለት ነው? ከ3.4 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆናችሁ በ1 ሚሊሜትር የተራራቁ ሁለት ጭረቶችን መለየት ማለት ነው። ከዚያ ያነሰው ሁሉ አንድ ላይ ይዋሐዳል። በጣም ትክክለኛ ለመሆን፣ 3438 ሚሊሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ነው። ወረቀት የያዛችሁ ይህችን ቁጥር ጻፉልኝ፦ 3438።

በዚህች ቁጥር ማንኛችሁም በሜትር ብቻ ቤታችሁን መመርመር ትችላላችሁ። ከሶፋው እስከ መስኮቱ ያለውን ርቀት ለኩ። ያንን ለመስኮቱ ቁመት አካፍሉ። ቁመት ስል ከላይ እስከ ታች ያለውን ማለቴ ነው፤ ሻጩ የሚነግራችሁ ኢንች ግን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የተለካ ነው። ከዚያም 3438ን ለተገኘው ውጤት አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር፣ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጤናማ ዓይን በዚያ መስኮት ላይ ሊለያቸው የሚችላቸው የአግድም መስመሮች ብዛት ነው። ይህን ብዛት አሁን ከምናውቃቸው ደረጃዎች ጋር እናነጻጽር፦ መደበኛው ሥርጭት 576 መስመሮች አሉት፤ ኤችዲ የሚባለው 720 ወይም 1080፤ ፎርኬ የሚባለው ደግሞ 2160።

የእኔን ቤት እንውሰድ። ርቀቱ 2.8 ሜትር ነው። የቀድሞው ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ቁመቱ 31 ሳንቲሜትር ገደማ ስለ ነበር ከሶፋው ላይ የሚለየው ወደ 380 መስመር ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሥርጭቱ 576 መስመር ቢኖረውም ዓይናችን 380ውን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ስለዚህ የሥርጭቱ ጉድለት ከዓይናችን አቅም በታች ተደብቆ ይኖር ነበር። አዲሱ ባለ 43 ኢንች ቁመቱ 53.5 ሳንቲሜትር ነው፤ ከዚያው ሶፋ 650 ያህል መስመር ይለያል። ከ576 በላይ ሆነ ማለት ነው። ተደብቆ የነበረው ጉድለት በሙሉ ወደ አደባባይ ወጣ። ሥርጭቱ ሳይለወጥ መስኮቱን ብቻ ማሳደግ የታመመን ነገር በአጉሊ መነጽር እንደ ማየት ነው። የእናቴ «ፈሰስ ፈሰስ» የሚለው አባባል በሒሳብ ሲተረጎም ይህ ነው።

በዚህ ስሌት ባለ 32 ኢንች መስኮት ከ2.8 ሜትር 490 ያህል መስመር ብቻ ይሰጣል፤ ባለ 55 ኢንች 840፤ ባለ 65 ኢንች ደግሞ ወደ 1000 ይጠጋል። የ1080 መስመር ሙሉ ጥቅም የሚገኘው ከመስኮቱ ቁመት 3.2 እጥፍ ያህል ርቀት ላይ ስንቀመጥ ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ ቁጥር አይደለም። የጃፓኑ ኤንኤችኬ ከ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ በኋላ የባለከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን ምርምር ሲጀምር፣ ተመልካቹ ከመስኮቱ ቁመት ሦስት እጥፍ ርቀት ላይ ይቀመጣል ብሎ ነው ያሰላው። እኛ ግን ሶፋችንን ግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ ቴሌቪዥኑንም ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ጋር አጣብቀን ከአምስትና ከስድስት እጥፍ ርቀት እናያለን።

«እንግዲያው ባለ 32 ኢንች ላለው ሰው ኤችዲ ዋጋ የለውም ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ በዓይናችሁ ላይ እያየሁ ነው። አይደለም። መደበኛው ሥርጭት 576 መስመር አለው ስንል በወረቀት ላይ ነው። አንዱን ምስል በሁለት ከፍሎ፣ በመጀመሪያ ጎዶሎዎቹን መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉዎቹን ስለሚልክ ጭረት በጭረት የሚታየው ዝርዝር ከዚያ ብዙ ያነሰ ነው፤ በተለመደው ግምት ከቁጥሩ 70 በመቶ ያህሉን፣ ማለትም 400 መስመር ገደማ ብንወስድ ከእውነቱ አንርቅም። ስለዚህ 490 መስመር የሚለይ ዓይን ጥሩ የኤችዲ ሥርጭት ሲመጣለት ልዩነቱን ያያል። በተጨማሪም የወጣቶች ዓይን ብዙ ጊዜ ከስኔለን መለኪያ ይሻላል። በተቃራኒው መነጽር የሚያስፈልገው ግን ያላሠራ ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ገንዘቡን ለቴሌቪዥን ከማውጣቱ በፊት ዓይኑን ቢመረመር በጥቂት ወጪ ትልቅ የጥራት ለውጥ ያገኛል። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም።

አሁን በአማርኛ ተመልካች ላይ ብቻ ስለሚደርስ ነገር ልናገር። በላቲን ፊደል ለሚጽፉ አገሮች የተጻፉ የቴሌቪዥን መምሪያዎች ስለ ፊልምና ስለ ኳስ ይናገራሉ፤ ስለ ጽሑፍ የሚሉት ጥቂት ነው። የእኛን ፊደል ተመልከቱ። «ቱ» እና «ቲ» የሚለያዩት አንዲት ትንሽ ጭረት ከመካከል በመውጣቷ ወይም ከእግር ሥር በመውጣቷ ነው። «ቲ» እና «ቴ» ደግሞ የሚለያዩት ከእግር ሥር ያለችው ጭረት በመሆኗ ወይም ቀለበት በመሆኗ ነው። በዜና ግርጌ የሚሮጥ ጽሑፍ ቁመቱ የመስኮቱ 30ኛ ያህል ቢሆን፣ በመደበኛው ሥርጭት አንድ ፊደል 19 መስመር ይደርሰዋል፤ በፉል ኤችዲ 36። ቀለበቷ የፊደሉ አንድ አምስተኛ ብትሆን በመደበኛው ሥርጭት ለእሷ የሚቀረው አራት መስመር እንኳ አይሞላም። ከላይ አንድ ጥቁር፣ ከታች አንድ ጥቁር፣ በመካከል ክፍት ቦታ ያስፈልጋታል፤ መጭመቁ ጥቂት ቢያደበዝዛት ቀዳዳዋ ይደፈናል፤ ሣልስ፣ ኃምስ የሚባል ነገር ይቀራል። የለመድነውን ቃል በግምት እንሞላዋለን። የሰው ስም፣ የቀበሌ ስም፣ ሰምተነው የማናውቀው የቦታ ስም ግን በግምት አይሞላም። እናቴም እያንዳንዱን ፊደል ለይታ የምታነብ እንጂ እንደ እኛ ቃሉን በአንድ ጊዜ የምትውጥ ስላልሆነች ጉዳዩ ከማንም በላይ እሷን ነካት።

ለሩጫ ወዳጆችም አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ10,000 ሜትር ውድድር ካሜራው ከሩቅ ሲያሳይ አንድ ሯጭ የመስኮቱን ቁመት አንድ አሥረኛ ይይዛል እንበል። በፉል ኤችዲ 108 መስመር፣ በመደበኛው 57 መስመር ገደማ ይደርሰዋል ማለት ነው። ደረቱ ላይ ያለው የመለያ አኀዝ የቁመቱ 17ኛ ክፍል ያህል ቢሆን፣ በመጀመሪያው ስድስት መስመር፣ በሁለተኛው ሦስት መስመር ያገኛል። አንድን አኀዝ ለመለየት ቢያንስ አምስት ያህል መስመር ያስፈልጋል። በመጨረሻው ዙር የእኛ ልጅ ማናት እያልን የምንከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሰማይ እንውጣ። ብዙዎቻችሁ በ2013 ዓ.ም. አካባቢ ዲሽ ሠሪ ጠርታችሁ ሳሕኑን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዙራችኋል፤ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት፣ ማለትም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለችው ሳተላይት። ከዚያ በፊት ሠሪው በሪሞቱ ሲያስገባ ያየነው አንድ ቁጥር ነበር፦ 27500። ይህ ቁጥር ሳተላይቱ በሰከንድ የሚልከው የምልክት ብዛት በሺህ ሲቆጠር ነው። ከእያንዳንዱ ምልክት ሁለት ቢት፣ ከዚያም ለስሕተት ማረሚያ የሚውለው ሩብ ያህሉና ሌላ ጥቂት ተቀንሶ፣ በአንድ መስመር የሚተላለፈው 38 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። በሌላ ወገን አንድ የፉል ኤችዲ ምስል 2,073,600 ነጥቦች፣ ማለትም ፒክስሎች አሉት፤ በሰከንድ 25 ምስል ሳይታመቅ ቢላክ፣ የቀለሙን መረጃ እንደ ተለመደው ቀንሰን እንኳ፣ 622 ሜጋቢት ይፈልጋል። በ38ቱ ውስጥ አሥር ጣቢያ ቢከራይ ለአንዱ የሚደርሰው 3.8 ነው። 622ን ወደ 3.8 ለማውረድ ከ160 ጊዜ በላይ መጨመቅ ያስፈልጋል።

መጨመቅ የሚቻለው አንዱ ምስል ከቀዳሚው ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ዜና አንባቢው የተቀመጠበት ዳራ አይለወጥም፤ አንድ ጊዜ ከተላከ ይበቃል። የጥምቀት ዕለት ጸበል ሲረጭ ግን እያንዳንዷ ጠብታ አዲስ መረጃ ናት፤ ሕዝቡም ይንቀሳቀሳል። ያኔ ምስሉ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ሲበታተን አይታችኋል። ቴሌቪዥኑ ምንም አላጠፋም፤ ለጣቢያው የተሰጠው ድርሻ አልበቃ ብሎ ነው። በስሙ ላይ «ኤችዲ» ያለ ጣቢያ ሁሉ እኩል ጥራት የማይኖረውም ለዚህ ነው፤ የመስመሩ ብዛት 1080 ሊሆን ይችላል፣ በመስመሮቹ ውስጥ የሚፈሰው መረጃ ግን ሊያንስ ይችላል። አሮጌ ቅጂም ወደ ኤችዲ ስለ ተዘረጋ ብቻ ዝርዝር አይወልድም። እንዲያም ሆኖ በተመሳሳይ ድርሻ ዘመናዊው የማመቂያ ዘዴ፣ ኤምፔግ 4፣ ከቀድሞው ከኤምፔግ 2 በግማሽ ያህል መረጃ ተቀራራቢ ጥራት ይሰጣል። ያንን መፍታት የማይችል አሮጌ ሪሲቨር ያለው ሰው ቴሌቪዥኑ የፈለገው ቢሆን የኤችዲ ጣቢያዎቹን አያያቸውም።

የእኔ ቤት ጉድ የተገኘው ግን ከሪሲቨሩ ጀርባ ነው። አንድ የዕረፍት ቀን አቧራ ለመጥረግ ቡፌውን ሳስጠጋ ያቺን ባለ ሦስት ራስ ገመድ አየኋት፦ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ። ቀይና ነጩ ድምፅ ናቸው። ቢጫው ብቻውን ምስሉን በሙሉ ይሸከማል፤ ብርሃኑንና ቀለሙን ቀላቅሎ፣ ከመደበኛው 576 መስመር በላይ ሊያሳልፍ በማይችል መንገድ። ሪሲቨሩ የኤችዲ ጣቢያ ይቀበል ነበር፤ ቴሌቪዥኑም ፉል ኤችዲ ነበር፤ በመካከላቸው ያለችው ገመድ ግን ወንዙን በገለባ ታሳልፈው ነበር። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ስለ ቢጫው ገመድ የፈተና ጥያቄ አውጥቼ አውቃለሁ። በዚያው ከሰዓት በኋላ የኤችዲኤምአይ ገመድ ገዛሁ፤ ዋጋው ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲነጻጸር የታክሲ ያህል ነው። የሰዎቹ ውፍረትም የተስተካከለው ያኔ ነው። አሮጌው ምስል 4 በ3 ስለ ነበር ቴሌቪዥኑ ወደ 16 በ9 እየለጠጠ ነበር የሚያሳየው፤ ይህ በሪሞቱ የሚስተካከል ነገር ነው፤ እኔም ሞክሬው አላውቅም ነበር። እናቴ ተመለከተችና «አሁን ከሱ» አለች።

ከዚህ በኋላ ስለ ግዢው ራሱ መናገር ቀላል ነው። ተለጣፊውን አትመኑ። «ኤችዲ ሬዲ» የሚለው ምልክት በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ መስኮቱ ቢያንስ 720 መስመር እንዳለው ብቻ ነበር የሚያረጋግጠው፤ ብዙዎቹ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ዛሬም 1366 በ768 ናቸው። «ፎርኬ ይቀበላል» ማለትም «ፎርኬ ያሳያል» ማለት አይደለም፤ ትልቁን ምስል ተቀብሎ አሳንሶ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለባችሁ የመስኮቱ የራሱ የፒክስል ብዛት ስንት በስንት እንደ ሆነ ነው። እኔ አሁን ለወዳጅ ስሄድ ላፕቶፕና ገመድ ይዤ ነው፤ በአንድ ፒክስል ውፍረት ጥቁርና ነጭ መስመሮች የተደረደሩበት ምስል አሳያለሁ። መስመሮቹ ጥርት ብለው ከታዩ ጥሩ፤ ሞገድ የሚመስል ነገር ከወጣ ወይ ፒክስሉ የተባለውን ያህል አይደለም፣ ወይ ቴሌቪዥኑ ምስሉን እየለጠጠ ጠርዙን እየቆረጠ ነው። ሁለተኛው በማስተካከያ ይፈታል።

ሱቅ ውስጥ የሚታየው የፏፏቴና የአበባ ምስል በፍላሽ የተጫነ፣ ለማሳያ የተዘጋጀ ነው፤ ብርሃኑና ቀለሙም እስከ መጨረሻ ከፍ ተደርጓል። የአማርኛ ጣቢያ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ካልቻሉ ቢያንስ ከቤታችሁ የለካችሁትን ርቀት ያህል ወደ ኋላ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ ሱቁ ጠባብ ከሆነ ደጅ ውጡ። እኔ ደጅ ወጥቼ አይቻለሁ፤ ሻጩ የምሸሽ መስሎት ነበር።

ስለ መስኮቱ ዓይነት አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፤ እሱም ከቤታችን አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነው። በብዛት የሚሸጡት የኤልሲዲ መስኮቶች በሁለት ይከፈላሉ። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ በደንብ የጠቆረ ነው፤ የብርሃኑና የጥቁሩ ንጽጽር ከሌላው ሦስት እጥፍ ያህል ይደርሳል፤ ነገር ግን ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይነጣል። አይፒኤስ የሚባለው ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፤ ከጎን ግን ቀለሙ አይለወጥም። የውጭ መጽሔቶች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ያወድሳሉ፤ ምክንያቱም ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎችን በዓይነ ሕሊናቸው ይዘው ነው። የእኛ ሳሎን ሶፋው ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ የተደረደረ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ግማሹ ሰው የሚያየው ከጎን ነው፤ መብራቱም በርቷል። ለእንዲህ ያለ ቤት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሱቅ ውስጥ ለመለየት ወደ ጎን ሄዶ የሰው ፊት ቀለሙ መለወጡን ማየት ይበቃል። ኦሌድ የሚባለው ሁለቱንም ችግር ይፈታል፤ ዋጋው ግን ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነውን ብዙም የሚመለከት አይደለም።

ፎርኬስ? በ2.8 ሜትር ላይ ባለ 43 ኢንች ለሚያይ ሰው 2160 መስመር ማለት ዓይኑ ከሚለየው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ሙሉ ጥቅሙን ለማግኘት መስኮቱን በ85 ሳንቲሜትር ቀርቦ ማየት አለበት። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ግዙት፤ ልዩነቱ የሪሲቨር፣ የገመድና የስታብላይዘር ዋጋ የሚያህል ከሆነ ግን ገንዘቡን ለእነዚህ አውሉት። የመብራቱን መዋዠቅ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የተቃጠለ ቴሌቪዥን ጥራቱ ዜሮ ነው። በኢንተርኔት ለምታዩም አንድ ስሌት፦ በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚወስድ የኤችዲ ምስል በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል። ጥቅል ገዝቶ ለሚያይ ሰው ይህ ራሱን የቻለ የጥራት ውሳኔ ነው።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ መሰለኝ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ መምህር፣ እኔ በኪራይ ቤት ነው የምኖረው፤ ከአልጋዬ እስከ ግድግዳው 1.5 ሜትር ነው። ባለ 32 ኢንች ብገዛ 768 መስመር ያለው ይበቃኛል?

መልስ፦ ቁመቱ 40 ሳንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ ዓይንህ ወደ 920 መስመር ይለያል። ለሥርጭት ብቻ ከሆነ 768 ይበቃሃል። ላፕቶፕህን ሰክተህ ጽሑፍ የምታነብበት ከሆነ ግን 1080 ያለውን ፈልግ፤ በዚያ ርቀት ልዩነቱ ይታይሃል። እንደምታየው በአንተ ጠባብ ክፍል ውስጥ ኤችዲ ከእኔ ሳሎን የበለጠ ዋጋ አለው።

ጥያቄ (እንግዳ)፦ አባቴ ሸምግለዋል፤ መነጽራቸውንም አድርገው እንኳ ደህና አያዩም። ለእሳቸው ትልቁን መግዛት ነው ወይስ ለእሳቸው ኤችዲ ከንቱ ነው?

መልስ፦ የአባትዎ ዓይን የጤናማውን ግማሽ የሚለይ ከሆነ 3438ን በግማሽ ይቀንሱት፤ 1719 ይሆናል። በ2.8 ሜትር ላይ ባለ 43 ኢንች ለእሳቸው 330 መስመር ያህል ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ከመግዛትዎ በፊት ወንበራቸውን ወደ 1.6 ሜትር ያቅርቡላቸው፤ ወደ 575 ይደርሳል፤ ወጪም የለውም። ቀርቦ ማየት ዓይን ያጠፋል የሚባለውን አይስጉ፤ ሊደክማቸው ይችል ይሆናል እንጂ አያሳውራቸውም። ሲቀርቡ ግን የደካማው ሥርጭት ጉድለት አብሮ ይቀርባል፤ ስለዚህ ኤችዲ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ያኔ ነው። እኔም በቤቴ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የእናቴ ወንበር አሁን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነው፤ ወደ ጓዳ የሚወስደውን መተላለፊያ ዘግቶታል፤ እኛ በጀርባዋ እየዞርን እናልፋለን፤ እሷም የግርጌውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነብልናለች።